የወተት ጥርስ

ከሃርሊንገን ወደብ፣ ከባሕር ግድቡ ሥር፣
ዓሣና ዝፍት ከሚሸት ከቤተ መዘክር ጓዳ በር፣
ቻሊንግ ቁልፉን ሰጥቶኝ፣ “ዓለም ቆማብናል፤
አንቺ ጠግኛት እንጂ፣ ሰኞ እንግዳ ይመጣል”
አለኝና ሄደ።

ጥርሴን የነቀልሁበት ሙያ ነው፣ አልፈራሁም፤
የመስታወት ክዳኑን ሳነሣ ግን እጄን አላመንሁም።
ፀሐይ የናስ ጉልላት፣ መሃል ላይ ተሰክታ፣
ዙሪያዋን ስድስት ክንድ እንደ ሸረሪት አውጥታ፤
ዐጣርድ እንደ ሰናፍጭ፣ ዝሁራ እንደ አተር፣
መሪኅ የቀይ ቀለም ቅሪት ያለበት ጠጠር፣
መሽተሪ ከአራት ሎሌ፣ ዙሐል ከነቀለበቱ፤
እዚያ ላይ አለቀ፤ ያኔ እስከዚያ ነበር ቤቱ።
ሁሉም የዝሆን ጥርስ፣ ተቀርጾ የለሰለሰ፤
ከሥሩ መንኰራኵር፣ ጥርስ በጥርስ የተናከሰ።

መዘውሩን አዞርሁ። አንድ ዙር አንድ ቀን ነው።
ክረምቱ በረዶ ሳይጥል፣ በጋው ዝንብ ሳያመጣ፣
ዓመት በጣቴ መሃል ገብቶ፣ በጣቴ ወጣ።
ደግሞ ከሑት ምልክት ምድር በደረሰች ቁጥር፣
ቀጭ ብላ ትዘልላለች፤
አንድ ጥርስ ወልቆበታል ትልቁ መንኰራኵር።

እሱስ ቀላል ነው፤ ናስ በይጄ እሞላለሁ፤
ጨረቃን ግን በማጉያ ሳያት፣ ሳያት ቆየሁ።
የዝሆን ጥርስ አይደለችም።
መልኳ የከረመ ቅቤ፣ ወገቧ ላይ ጭረት፣
አናቷ ጉብ ጉብ ያለ፣ ታቿ ጎድጓዳ፣ ሥር የሌላት፣
የሩዝ ፍሬ የምታህል —
የልጅ ጥርስ ናት።

ከእኔ በፊት ሦስት እጅ ከፍቷት ጠግኗት ነበር፤
አንዱ፣ ሂልከ የሚባል፣ ስሙን ቧጭሯል ከናሱ ሥር።
ብሎን ቀይረዋል፣ ሽቦ ቀይረዋል፤
ጨረቃን ግን ማንም አልነካ፤ ያየውንስ ማን ይናገር?

የሠሪው መዝገብ አለ፣ አይጥ ጠርዙን የበላው፤
ዊብረን ይባላል፣ ሰዓት ሠሪ፤ ጽሕፈቱ ጠባብ ነው።
“ናስ፣ አሥራ ሁለት ጉልደን። ሙጫ፣ ግማሽ። ብሎን፣ ሦስት።
ቦዩን በረዶ ይዞታል፤ ጀልባ የለም ሁለት ሳምንት።
የዝሆን ጥርስ አልቋል። ጌታው ለፋሲካ ይፈልጋል።”
ከዚህ በታች፣ በሌላ ቀን፣ በቀጠነ ቀለም፦
“ጨረቃ፣ ከዬልቸ። አንድ የማር ዳቦ። ሌላ ወጪ የለም።”

ሌላ ወጪ የለም።

ስድስት ዓመቷ ይሆን? ሰባት?
በምላሷ ስትገፋው፣ ስትገፋው ከርማ፣
ደም የነካው ምራቅ ውጣ፣ ከሥራ ቤቱ በር ቆማ፣
“ይኸው አባባ” ብላ ይሆን፣ መዳፏን ዘርግታ፣
ወይስ እሱ ነው የለመናት፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ማታ?
አላውቅም። መዝገቡ የሚያውቀው ያንን ዳቦ ነው፣
በአንድ ጎን የታኘከውን፣ ክፍተቱን የሸሸው።
በዘጠና ጉልደን ሄደች ምድር ከነጨረቃዋ፤
ከዬልቸ አፍ ግን ሌላ ጥርስ በቅሏል በቦታዋ።

ቻሊንግ እሑድ መጣ፣ እርጥብ ካፖርቱን ሳያወልቅ።
“ይቺ ቢጫዋ ትነሣ፤ ነጭ ሉል አዝዘናል፤
መጠኗም ልክ አይደለም፤ ተማሪ ይሳሳታል።”
ልክ አይደለችም፣ እውነቱን ነው። ፀሐይም ብርቱካን ታህላለች፤
ከምድር ተነሥታ ጣቴ ዙሐል ጋ ትደርሳለች።
ምን ብዬ እንደመለስሁለት አሁን አላስታውስም፤
ሉሉ ከሳጥኑ አልወጣም።

ማታ ብቻዬን ስቀር የናሱን ጥርስ ሞላሁ፤
በሞረድ አለሰለስሁ፤ መዘውሩን አዞርሁ።
ሑት መጣ። ምድር አልዘለለችም፤ እንደ ዘይት አለፈች፤
ዬልቸ በጎኗ ዞረች።

ውጭ ባሕሩ ሊሞላ ግድቡን ይታከካል።
የላይኛዋ ደመና ውስጥ ናት፤
ምላሴ ግን ሳላዝዘው ከአፌ ጥግ ሄዶ ቆሟል፤
የት እንደ ነበረ እንኳ የረሳሁትን
የዱሮ ክፍተት ይፈልጋል።